ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ያዋለድኩት ልጅ

የያዙኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ጠዋት ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል መጥታ አልጋው ላይ አስተኝቼ ሆዷን እየለካሁ ሳለ ሁለት ሰዎች ሳያንኳኩ ገቡ። አንደኛው ስሜን ጠራና "ትፈለጊያለሽ" አለኝ። ሴትዮዋን ልጨርስ ብዬ ለመንኩ። ፈቀዱልኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠበቁኝ። የልጇ ልብ ደህና እንደሚመታ ነገርኳት፤ ደግፌ ከአልጋው አወረድኳት፤ እጄን ታጥቤ ተከተልኳቸው።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ የነገሩኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ ጭኑን በጥይት የተመታ ሰው ጤና ጣቢያችን መጥቶ ነበር። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ደሙን አቆምኩ፣ ቁስሉን አጥቤ አሰርኩለት፣ ሆስፒታል ሂድ አልኩት። እሱ የሄደው ግን ወደ ሌላ ቦታ ኖሯል። መርማሪው የማን ወገን እንደሆንኩ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ሥራሽን አይደለም የጠየቅሁሽ ይለኛል። በዚሁ ተለያየን።

እስር ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ሴቶቹን ያስቀመጡን ከከተማው ጫፍ ባለ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የቆየ ሰሊጥ ዘይቱ ሲሻግት የሚሸተው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። የመተማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በቀትር ቆርቆሮ ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሲሚንቶው በተሰነጠቀበት ሁሉ የሰሊጥ ፍሬ ገብቶ ቀርቷል። ጉንዳኖች አንድ አንዱን እያወጡ በበሩ ስር ይዘውት ይወጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ውዬ የማድረው እነሱን በማየት ነበር።

ከነበርነው ሴቶች ሁለቱን ነው የማወራው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ለእነሱ ቅርብ ስለነበርኩ። አንዷ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ድንበሩ ላይ ለመንገደኛ አልጋ ያከራያሉ። ከእንግዶቻቸው አንዱ የሚፈለግ ሰው ሆኖ ተገኘና እሳቸውን ያዟቸው። ሌላዋ ከወሎ ለአረም የወረደች የቀን ሠራተኛ ናት። ከባሏ ጋር ነው የመጣችው። ባሏ አንድ ቀን ከእርሻ ካምፑ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ጫካ ገብቷል ተባለ። እሱን ሲያጡት እሷን ወሰዷት። የት እንዳለ ብታውቅ ኖሮ እሷም ትከተለው እንደነበር ለመርማሪው ነግራዋለች፤ ያ ንግግሯ አልጠቀማትም። ስትመጣ ሆዷ ገፍቷል። ሴቶቹ ሦስት ሰው የሚያህል ቦታ ለቀውላት ከበሩ አጠገብ፣ ትንሽ ነፋስ ካለበት፣ አስተኟት።

ከቀትር በኋላ መተኛትም መቀመጥም አይቻልም። ያኔ ነው የምናወራው። ስለ ክሳችን ማውራት ቶሎ ሰለቸን። እትዬ ስለ ቤታቸው ያወሩ ነበር። ጠዋት ግቢውን ውኃ ረጭተው ሲጠርጉ፣ አንሶላ አጥበው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ፣ አንሶላው ደርቆ ሲታጠፍ ያለውን ሽታ ሳይቀር ይነግሩናል። ከሱዳን በኩል ለብዙ ቀን እንቅልፍ ያላየ ሾፌር መጥቶ፣ አንድ ሌሊት ተኝቶ፣ ጠዋት ፊቱ ተለውጦ "ደህና አደርኩ እናቴ" ሲላቸው ከኪራዩ የበለጠ ደስ የሚላቸው እሱ እንደሆነ ነገሩን። ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠው ጎንደር እንዲገቡ ወትውተዋቸዋል። እምቢ ብለዋል።

የወሎዋ ልጅ ስለ አረም ታወራለች። ሴቶቹ በመስመር ይሰለፋሉ፤ እሷ ድምፀ መልካም ስለሆነች አቀንቃኟ እሷ ናት። እሷ ትላለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ወገብ ይቆረጣል፣ ትንኙ አይጣል ነው፤ ይህን አልደበቀችንም።

"ግን ጥጉ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየዋለሁ" አለች። "ከኋላዬ ያለው ንጹሕ ነው። ሰሊጡ ብቻውን ቆሟል። መሬቱ የኔ አይደል፣ ሰሊጡም የኔ አይደል። ያጸዳሁት ግን እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ደስ ይለኛል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንችስ ሲስተር? ሥራሽን ትወጅዋለሽ?"

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው የሚጠይቀኝ መቼ ወደ ደጋ እንደምዛወር ነው። ወንድሜ ጎንደር መድኃኒት መደብር እንክፈት እያለኝ ነበር፤ እኔም ሐሳቡን ከተቀበልኩት ቆይቻለሁ። ቆላው፣ ወባው፣ የሌሊት ተረኝነቱ ሰልችቶኝ ነበር።

"ይከብዳል" አልኳት።

ሳቀች። "ክብደቱንማ አልጠየኩሽም።"

እኔም ማውራት ጀመርኩ። ልጁ ወጥቶ ገና ሳያለቅስ ያለችውን ትንሽ ጊዜ ነገርኳት፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሚይዝባትን። ከዚያ ለቅሶው ሲመጣ የእናትየው ፊት እንዴት እንደሚፈታ። ልጁን ደረቷ ላይ አስተኝቼላት፣ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ማንም ሳያየኝ ብቻዬን ፈገግ እንደምል። ይህን ለወንድሜም ነግሬው አላውቅም። ብዙ አወራሁ። ሳወራ ራሴን ሰማሁትና ገረመኝ። እንደዚያ እንደምወደው አላውቅም ነበር። መውደዴን ያወቅሁት ከእጄ ከወሰዱብኝ በኋላ፣ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

እሷ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጁ ተገላበጠ። "እንግድያ ይሄ ያንች ነው" አለችኝ። "አንች ነሽ የምታወጭው።"

ትኩሳቱ የጀመራት ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ሙቀት ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ በላብ ትጠመቃለች። ቆላ የሠራ ሰው ወባን ሳይመረምር ያውቀዋል። ነፍሰ ጡር ላይ ምን እንደሚያደርግም አውቃለሁ። በሩን አንኳኳሁ።

ከጠባቂዎቹ አንዱን ከእስሩ በፊት አውቀዋለሁ። ሚስቱን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን። ያን ቀን ሕፃኑን ለመያዝ ሲፈራ፣ አንገቱን እንዴት እንደሚደግፍ ያሳየሁት እኔ ነበርኩ። መጋዘኑ በር ላይ ግን ፊቴን አያይም። ሴትዮዋ ሆስፒታል መግባት እንዳለባት፣ ባይሆን መድኃኒቱን ብቻ እንዲያመጡላት ነገርኩት። ለአለቆቹ እንደሚናገር ቃል ገባልኝ። በማግስቱ ጠየቅሁት። ትእዛዝ እንዳልመጣ ነገረኝ። በሌላውም ቀን እንደዚያው ሆነ። በራሱ የትኩሳት ኪኒን ገዝቶ በበሩ ስር አቀበለኝ። ኪኒኑ ትኩሳቱን ለሰዓታት ያበርዳል፤ ወባውን አይነካውም። ይህን እሱም ያውቃል ብዬ አስባለሁ።

ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። መሣሪያ የለኝም፤ ግን ለለመደ ጆሮ ይሰማል። አንድ ቀን የለመድኩትን ቦታ አዳመጥኩ፣ ወረድ አልኩ፣ ወደ ሌላው ጎን ዞርኩ። የእሷን የደም ሥር ምት ሰማሁ። የእሱን አጣሁት። ቀና ስል ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር።

"ድምፁን አላገኘሁትም" አልኳት። መዋሸት አልቻልኩም።

እሷ ጣሪያውን አየች። "ቆርቆሮው እየተንጣጣ ነው" አለች። "ለዚያ ነው ያልሰማሽው።"

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ምጡ የመጣው ብዙ ሳይቆይ ነው። ጠባቂው ጀሪካን ሙሉ ውኃና አዲስ ምላጭ አመጣልኝ፤ ሌላ ነገር እንዳልጠይቀው ይመስላል፣ በሩን ቶሎ ዘጋው። እትዬ ከኋላዋ ተቀምጠው ደረታቸው ላይ አስደገፏት። ሌሎቹ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውን በዙሪያችን ቆሙ፤ ከበሩ የሚመለከት እንዳያያት። አልጮኸችም። እኔ እንደ ሁልጊዜው አወራታለሁ፤ ጎበዝ፣ አሁን ተንፍሽ፣ አሁን ግፊ። እጆቼ ሥራቸውን ያውቁታል። ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ግን እጆቼ ሥራቸውን በማግኘታቸው ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ምን እንደምቀበል እያወቅሁ።

ልጁ ወጣ። ወንድ ነው። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ጀርባውን አሸሁት፣ አፉን ጠረግሁ፣ ትንፋሼን ሰጠሁት። እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሚደረገውን ሁሉ አደረግሁለት። ከዚያ አቆምኩ።

"ምንድን ነው?" አለች።

"ወንድ።"

"ስጭኝ።"

ሰጠኋት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው። ጆሮውን አየችና የአባቱን እንደሚመስል ነገረችን። ማንም ፈጠን በይ አላላትም። ብዙ ከቆየች በኋላ እንዲታጠብላት ጠየቀችን። ስምም እንደሚወጣለት ነገረችን። እትዬ ክርስቲያን ናቸው፤ ሳይጠመቅ ላለፈ ልጅ ስም ሲወጣ አላዩም። ቀስ ብለው ጠየቋት።

"ለእንዲህ ያለውም ስም ይወጣለታል ልጄ?"

"በኛ ይወጣለታል እትዬ። ኋላ በወዲያኛው ዓለም እናቱ እሱን የምትጠራበት ስም ይኑረው።"

ስሙን ለእኔና ለእሳቸው በጆሯችን ነገረችን። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

በተረፈው ውኃ አጠብኩት። ከየት እንደምጀምር የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከቀኝ በኩል። እትዬ ከሴት ልጃቸው የተላከላቸው አንድ ነጭ አንሶላ ነበራቸው። ሲሚንቶ ላይ ሲተኙ እንኳ አውጥተውት አያውቁም፤ አጣጥፈው ራስጌያቸው ያኖሩታል። አወጡትና በጥርሳቸው ቀደዱት። ጥግ ጥጉን አስተካክለው፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እየተጫኑ፣ ልክ ለእንግዳ አልጋ እንደሚያነጥፉ አድርገው ጠቀለሉት። እንባቸው እየወረደ ነበር፤ እጃቸው ግን አልተሳሳተም።

ከምሽቱ በፊት ጠባቂው በሩን ከፈተ። የብስኩት ካርቶን ይዟል። ልጁን በዚያ አድርጎ እንዲያወጣው ታዟል። እኔ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"በዚህ አይሄድም" አልኩት።

"ሲስተር፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው።"

"አውቃለሁ። በእጅህ ውሰደው።"

ካርቶኑን ይዞ ቆመ። እትዬ መጥተው ከጎኔ ቆሙ፤ ከዚያ ሌሎቹ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከኋላችን የወሎዋ ልጅ ግድግዳ ይዛ ስትነሳ ሰማሁ። አትነሽ ልላት አሰብኩና ተውኩት። መንገድ ለቀቅንላት፤ ልጇን ታቅፋ እስከ በሩ ራሷ አመጣችው።

ጠባቂው ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሁለት እጁን ዘረጋ። አንገቱን ደግፎ ተቀበላት።

"በቀኝ ጎኑ አስተኛው" አለችው። "ፊቱን ወደ ቂብላ።"

"እሺ እህቴ" አላት። ያኔ ነው ፊቴን ያየው።

እሷን ብዙም ሳይቆዩ ወሰዷት። አንድ ጠዋት ከጥቂት ሴቶች ጋር ስሟ ተጠራና መኪና ላይ ጫኗቸው። የት እንደሚሄዱ አልተነገራቸውም። ስንሰነባበት አለቀስኩ፤ የምታጽናናኝ እሷ ሆነች። "አብሽሪ ሲስተር" አለችኝ፣ እንደ አገሯ። ሁለት እጄን ይዛ ሳመቻቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

እኔን የለቀቁኝ ክስ ሳይመሠርቱብኝ ነው። ሂጂ ተባልኩ፣ ሄድኩ። ወንድሜ ሊወስደኝ ከጎንደር መጥቶ ነበር። አብሬው አልሄድኩም። ለብዙ ጊዜ ተቀይሞኝ ነበር፤ አሁን ትቶታል። ወደ ሥራዬ ለመመለስ ብዙ ደጅ ጠናሁ፤ በመጨረሻ መለሱኝ።

ጠባቂውን ገንዳ ውሃ ገበያ አገኘሁት። ሥራውን ለቆ ባጃጅ ይነዳል። እንዳየኝ ወርዶ ሰላም አለኝ፤ ስለ ራሱ ልጅ ጤና ጠየቅሁት። ልንለያይ ስንል፣ ሳልጠይቀው፣ ያን ቀን ሼሁን ለምኖ ሕፃኑን ከሙስሊሙ መቃብር እንዳሳረፈው ነገረኝ። ከግራሩ ስር ነው፣ ፊቱም እንዳለችው ወደ መካ ነው አለኝ። አንድ ቀን ወሰደኝና አየሁት። ድንጋዩን ራሱ ነው ያስተካከለው።

ይህን ለእሷ መንገር እፈልጋለሁ። አረም በደረሰ ቁጥር የጭነት መኪኖቹ ኮኪት ላይ ሠራተኛ ሲያራግፉ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። የወሎ ሴቶች ካሉ እጠይቃለሁ፤ ድምፀ መልካም ናት፣ አቀንቃኝ ናት እላቸዋለሁ። እንዲህ ያለች ብዙ ናት ይሉኛል። አንዳንዷ አዝና ስሟን ትይዝልኛለች። እስካሁን የሚያውቃት አላገኘሁም። በሕይወት መኖሯንም አላውቅም።

ትናንት ሁለት አዋለድኩ። ሁለተኛዋ ገና ልጅ ናት፣ ፈርታ እጄን አልለቅ ብላኝ ነበር። ሴት ልጅ ወለደች፤ የሕፃኗ ጩኸት ጓሮ ድረስ ይሰማል። እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ቧንቧው ስር ቆሜ ሰማኋት። በሥራዬ ደስተኛ ነኝ። ይህን ስል ግን ያላለቀሰው ልጅ ትዝ እያለኝ አሁንም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።