አይጥ ለሌለበት ዓለት የተገዛ ወጥመድ

ባሌ የወፍ ዘበኛ ነበር። «ወፍ ደግሞ ማን ይሰርቀዋል?» የሚለኝ ሰው አጥቼ አላውቅም፤ መልስ መስጠቱም ሰልችቶኛል። ሌባው አይጥ ነው! ራቅ ብላ ባለችው ደሴት መሬት ምሶ ጎጆ የሚሠራ አመድማ ወፍ አለ፤ ባሌ «ጉድጓዴ» ይለዋል። ከዚያች ደሴት ሌላ የትም የለም። የቀሩት ጎጆዎች ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ጫጩት ሲፈለፈል አይጥ እየገባ ይበላዋል። ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤቱን የለመነው አንድ ነገር ነው፦ የአይጥ ወጥመድ።

በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ሰጪዎች አገኘ፤ እነሱም «ወፉን በዓይናችን ሳናይ አንፈርምም» ብለው መጡ። አሥራ አራት ሰው! ያውም በመታቀፊያው ወር። ጉድጓዴ እንቁላል ላይ ሆኖ የሰው ኮቴ ከሰማ ጥሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ባሌ ይህን ለአለቃው ቢያስረዳ «አሳያቸውና ገላግለን» አለው። ቢያሳይ ወፉ አለቀ፣ ባያሳይ ገንዘቡ ቀረ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጀልባዋን ወደቡ ፊት ለፊት ወዳለው ዓለት አዙሮ፣ እዚያ የሚንጫጩትን ነጫጭ ወፎች «እነዚህ ናቸው» አላቸው። እነዚያ እኮ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ደጅ ዳቦ የሚነጥቁ ወፎች ናቸው! እንግዶቹ ፎቶ አነሱ፤ አንዷማ እንባ ተናነቃት። ቤት ገብቶ ሲነግረኝ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ምነው ባልሳቅሁ።

በዓመቱ ገንዘቡ ተፈቀደ፤ «ለጎበኘነው ስፍራ» ተብሎ። መቶ ሃያ ወጥመድ መጣ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበታል፣ የሚተከለውም ዓለቱ ላይ ብቻ ነው። ዓለቱ ላይ ለመድኃኒት እንኳ አይጥ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው! ባሌ አለቃው ዘንድ ገብቶ እውነቱን ዘረገፈው። አለቃው በሩን ዘጋና «አንተ ሰውዬ፣ አንተ አልተናገርክም፤ እኔም አልሰማሁም» አለው።

እሱም ወፎቹ እንቁላል ሳይጥሉ ወጥመዶቹን በወንድሜ ጀልባ ጭኖ ደሴቲቱ ላይ ተከላቸው። በአንድ ወር ከሁለት መቶ በላይ አይጥ ያዘ። ከዚያ የመታቀፊያው ወር አልፎ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ሃያ ስምንት ቆጥሮ መጣ። ያ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ያን ቀን ወሬው አላልቅ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ተቆጣጣሪ መጥቶ ዓለቱን ባዶ አገኘው። «ወጥመዶቹ እስከ ዓርብ ቦታቸው ካልተመለሱ በስርቆት ትከሰሳለህ» የሚል ደብዳቤ ለባሌ ደረሰው። ለጡረታው አምስት ወር ቀርቶታል። ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ለመብረር ሦስት ሳምንት ይቀራቸዋል።

«ሦስት ሳምንት ብቻ ነው» አለኝ። «አልመልስም።»

ደሜ ፈላ። «ዕድሜ ልካችንን እኔና ልጆችህ ከወፍ በታች ሆነን ኖርን! እስር ቤት ብትገባ ወፉ ስንቅ ያመላልስልሃል? ጡረታህን ወፉ ይከፍልሃል?» አልኩት። አለቀስኩ። አልበቃኝ ብሎ ልጆቹን ጠርቼ አስለመንኩት። ሐሙስ ጠዋት ሄዶ መቶ ሃያውንም በገዛ እጁ ነቀለና ዓለቱ ላይ ደረደራቸው። ተቆጣጣሪው ቆጥሮ ፈረመለት።

ሦስቱ ሳምንት እንዳለፈ ደሴቲቱን አይቶ መጣ። «ስንት ተረፈ?» አልኩት።

ጫማውን እያወለቀ «ሁለት» አለ።

ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤት ተቀምጧል። ሰው ስለ ሥራው ሲጠይቀው «እሷ ባትኖር ኖሮ እስር ቤት ነበርኩ» እያለ ሰው ፊት ያመሰግነኛል። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው።