ስበትን ከመረብ የፈለገው መምህር

ወንዳፈረው ቁጭ ብሎ ምሳ የበላበትን ቀን አላስታውስም። ጉርሻውን ይዞ ግቢውን ይዞራል። «ትሪው እግር የለውም፣ አይከተልህም» እለው ነበር። በ1974 ዓ.ም. ሆሳዕና ከተማ ፊዚክስ ሲያስተምር እኔ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው።

እረፍት የነሳው ስበት ነው። ዕቃ የሚወድቀው ክብደት በውስጡ ስላለ አይደለም ይላል፤ ሕዋ እንደ መረብ ነው፣ አንዱ ቦታ ከሌላው የተያያዘበት መንገድ ስበትን ይወልዳል። መረቡ ቢለጠጥም ቢጨማደድም ማያያዣው አይለወጥም። ቶፖሎጂ የሚሉት ይህን ነው። አሥራ ሁለት ገጽ ጽፎ አዲስ አበባ ላሉ ፕሮፌሰር ሊልክ ተዘጋጀ። ከወደዱት ለከፍተኛ ትምህርት ይጠሩታል፤ ካልሆነ ያው ጠመኔው ነው። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር ፖስታውን ሊያደርስለት እሺ ብሏል።

ፖስታው በሚላክበት ጠዋት ትርፊትን ጠራት። ከሌሞ ገጠር ቃጫ እያመጣች ገመድ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሐሳቡን የሚያሳይበትን የገመድ መረብም የሠራችለት እሷ ነች። ግቢው ውስጥ በካስማ ወጥሮታል። ሁለት ራቅ ያሉ የመረብ ዓይኖችን በአጭር ገመድ ስቦ ሲያያይዛቸው፣ በዙሪያቸው ቀይ ክር ያሰረባቸው ዓይኖች ሁሉ ወደዚያ ተሳቡ።

«አየሽ እትዬ ትርፊት? እነዚህን ማንም አልነካቸውም። ማያያዣው ነው የሳባቸው።»

ትርፊት መረቡን ዞረችና ካስማዎቹን አንድ በአንድ ነቀለች። መረቡ ላላ፤ ቀያዮቹ ክሮች እንደፈለጋቸው ተጋደሙ።

«ማያያዣህ ይኸው፣ አልፈታሁትም። መሳቡ ወዴት ሄደ?»

«ካስማውን ነቅለሽዋ!»

«ታዲያ የሚስበው ቋጠሮው ነው ካስማው? የሰማዩንስ መረብ ማን ወጠረው?»

«እግዜር እንዳልልሽ ካድሬው ይሰማል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ወንዳፈረው ፖስታውን ቀዶ ገጾቹን አወጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ተረጋግጧል» ይላል። ሰረዘውና ከሥሩ በችኮላ ጻፈ።

«ምን አለ?» አለችኝ ትርፊት።

ከትከሻው በላይ አነበብኩላት፦ «መረቡን የወጠረው ምንድን ነው? አልመለስኩትም። ጥያቄው የገመድ ሠሪዋ የወይዘሮ ትርፊት ነው።»

«ስሜን? አንተ ሰው! ነገ ቀበሌ ቢጠራኝ ምን ልል ነው?»

እሱ ግን ወረቀቱን ይዞ መንገድ ላይ ነበር፣ እየሮጠ።

ወረቀቱን ለሾፌሩ ሰጥቶ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ። «አበላሸሁት መሰለኝ» አለኝ። ውሃ ሰጠሁት፤ ሳይጠጣ ወደ ትርፊት ዞረ።

«ጠርዝ የሌለው መረብ ትሠሪልኛለሽ?»

«ካስማ የማይፈልግ?»

«አዎ፣ ራሱን በራሱ የሚወጥር።»

«ከየት ልጀምረው?»

ትርፊት ገበያዋን ትታ ቃጫውን ጭኗ ላይ መግመድ ጀመረች፤ እሱ ብርጭቆውን ይዞ ዙሪያዋን ይመላለሳል።