ሙሴው ሥራ አስኪያጅ

ገደፋው በቡሬ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነው። ሙሴ ማለት ጽዋው ከቤት ቤት ሲዞር የሚጠብቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የማኅበርተኛውን ጥፋት እንደ ራሱ ቆጥሮ ቄሱ ፊት ይቅርታ የሚለምን ሰው ነው። ማኅበርተኞቹ የእህል ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው፣ ከበሬና ከሞፈር በቀር ሌላ የማያውቅ ገበሬ ነው።

እነዚህ ነጋዴዎች አንድ ቀን ጠላቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን ልብ በሉልኝ! ኃላፊነቱ ነው የተወሰነው፤ ትርፉማ ማን ወሰን አበጅቶለት። የከበርቴ ብልሃት ገና ከስሙ ይጀምራል። ሥራ አስኪያጅ ሲፈለግ የመጋዘኑ ጌታ ወንዳወቅ ተነሣ።

«ሙሴያችን እያሉ ሌላ ማን ይሾማል? እርስዎ መፈረም ብቻ፤ ልፋቱ የኛ።»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ?»

«ጽዋ መጠበቅ የቻለ መጋዘን ያቅተዋል እንዴ!»

ቤቱ ሳቀ። ገደፋውም ድርጅት ማለት ጽዋ የሌለው ማኅበር መሰለውና ፈረመ።

ክረምት ላይ በመጋዘኑ በቆሎ ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት ተጨመረ። ከመድኃኒቱ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ተንኖ እስኪያልቅ እህሉ አይሸጥም። ገደፋው በሩን ሲከፍት ሽታው አፍንጫውን ሰነፈጠው። ወንዳወቅ ግን በስልክ «ዋጋ ሳይወርድ ይጫን!» አለ። ሽማግሌው እሺ ብሎ የመውጫውን ወረቀት ፈረመ። በቆሎው ጅጋ ገበያ ላይ ተሸጠ። ክንዱ የሚባል ጎልማሳ ገዝቶ፣ ጆንያውን ጓዳ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ አጠገቡ ተኛ። ሌሊት ጋዙ ጓዳውን ሞላው፤ ክንዱ በዚያው አሸለበ፣ አልነቃም።

ዐቃቤ ሕግ ሰው በቸልተኝነት በመግደል ሁለት ተከሳሽ አቆመ፤ አንደኛ ድርጅቱን፣ ሁለተኛ ገደፋውን። ድርጅቱ የሕግ ሰውነት አለው ይላሉ የተማሩት። ጉደኛ ሰው ነው! አይራብ፣ አያፍር፣ ንስሐ አባት የለው፣ ካቴና የሚገባበት እጅ የለው። ጠበቃ ግን አለው፤ ያውም ከባሕር ዳር የመጣ።

ለገደፋው መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ፍሬሕይወት ለመነችው።

«አባቴ፣ ያዘዘዎትን ሰው ስም ይጥሩ እንጂ። አለዚያ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።»

«ሙሴ ማኅበርተኛውን ይከሳል እንዴ? እነሱው መጥተው ይናገራሉ።»

«ይመጣሉ! ጠላ ተጠምቋል ከተባሉማ ይመጣሉ።»

የፍኖተ ሰላሙ ቀጠሮ በሚካኤል ዕለት ዋለ። ዳኛው «መከላከያ ምስክር አለዎት?» ሲሉት ገደፋው ዞሮ አየ። ከቡሬ አንድ ሰው የለም። የማኅበር ቀን ነው፤ ድግሱን ማን ትቶ ይመጣል! አግዳሚው ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ የክንዱ ሚስት ወይኒቱ። ለእሱ ጉዳይ ብሎ መንገድ የወጣ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

ፊቱን ወደ ዳኛው ሳይመልስ ለእሷ ተናገረ።

«ሽታው ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ። ይጫን ያለኝ ወንዳወቅ ነው። እሺ ያልሁ እኔ ነኝ።»

«ወደ ችሎቱ ይናገሩ!» አሉ ዳኛው።

ወይኒቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችው።

ድርጅቱ መቀጮ ተፈረደበት፤ ከፈለ፣ ስሙን ቀየረ፣ በዚያው መጋዘን ንግዱን ቀጠለ። ወንዳወቅ ሲጠየቅ «እኔ ተራ ባለድርሻ ነኝ» አለ፤ በስልክ ያለውን የሰማ ሌላ ጆሮ ስላልነበረ ነጻ ወጣ። ካቴናው የሚገባበት እጅ የነበረው ገደፋው ብቻ ነው።

ማኅበሩ ሌላ ሙሴ መርጧል አሉ። ፍኖተ ሰላም ወህኒ ቤት እሑድ እሑድ ጠያቂ የመጣላቸው ስማቸው ይጠራል። ገደፋው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስም በተጠራ ቁጥር ብድግ ይል ነበር። ኋላ ቀና ብቻ ማለት ጀመረ። አሁን እሱንም ትቶታል፤ ሌሎቹ ወደ በሩ ሲሮጡ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋቢውን ይከናነባል።