የሐዳሳ ክንድ

ሐዳሳ ጸጉር ለብሳ ነው የተወለደችው። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ ገላው ላይ ትንሽ ለስላሳ ጸጉር አያጣም፤ ኋላ ይረግፋል። የእሷ ግን አልረገፈም። እናቷ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ከአዋላጇ እጅ የተቀበለችው የእናቷ ታላቅ እህት አባይነሽ ነበረች። እንግዴ ልጁንም በአገሩ ደንብ ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ወስዳ የቀበረችው እሷው ናት። አባትየው ብዙም ሳይቆይ ሆመቾ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ሐዳሳ አባይነሽን «አማ» እያለች አደገች። በሀዲይኛ እናት ማለት ነው፤ እናት የምትለው ሌላ ሰውም አልነበራትም።

አባይነሽ በልጅቷ ጸጉር አፍራ አታውቅም። ዓይኗን ትራኮማ ቀስ በቀስ ሲወስድባት ደግሞ ያ ጸጉር ከጌጥም በላይ ሆነላት። ቤቷ የገባ ሰው ሁሉ፣ ጎረቤትም ይሁን ሽማግሌ፣ ክንዱን መስጠት አለበት። «ክንድህን አምጣ» ትላለች፤ ዳሰስ ዳሰስ ታደርግና ስሙን ትጠራለች። ተሳስታ አታውቅም። ድምፅ አታምንም፤ «ድምፅማ ማንም ያወጣዋል፤ ገላ ግን አይዋሽም» ትላለች። ሐዳሳ ስትመጣ ስሟን እንኳ አትጠራም። ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ በመዳፏ እየደባበሰች ዝም ትላለች። ለሐዳሳ ከዚያ የሚበልጥ ሰላምታ አልነበረም።

ከአጥሩ ውጪ ያለው ዓለም ሌላ ነው። ትምህርት ቤት «ጉሬዛ» ይሏት ነበር። ጉሬዛ ቆንጆ እንስሳ ነው፤ ሴት ልጅ ጉሬዛ ስትባል ግን ቆንጆ ነሽ መባሏ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ስትገባ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ሥር እየሳበች ነው የምትዘምረው። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። የማሽኑ ብርሃን ባለፈ ቁጥር ክንዷ ላይ ያለው ጸጉር አንድ በአንድ ይታያል፤ ወረቀት ያመጡት ልጃገረዶች ያዩና እርስ በእርስ ይተያያሉ። በስልክ የሚያዩዋቸው ሴቶች ሁሉ ገላቸው እንደ ሸክላ የተወለወለ ነው። ይሄን የተወለወለ ገላ ማን እንዳዘዘው የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም እንደ ዝናብ ከላይ የመጣ ይመስለዋል።

ሐዳሳ ግን ቻለችው። ቤቷ ስትገባ አንድ መዳፍ እየጠበቃት እስከሆነ ድረስ፣ ነገሩን በሆዷ ይዛ ኖረች።

ሲላስ ሲመጣ ነገር ተለወጠ። ሲላስ ጃጁራ ከተማ የሚያስተምር ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ የወደዳት ስትዘምር ሰምቶ ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ። አባይነሽ ሽማግሌዎቹን ክንድ ክንዳቸውን ይዛ ካወቀቻቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ልጄን ስትወስዷት ክንዷን ይዤ መርቄ ነው የምሰጣችሁ። ከዚያ በፊት ከደጄ አትወጣም።» ሐዳሳ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እናቷ በሕይወት ብትኖር የምትመርቃት ምርቃት እሱ ነበር፤ ሌላ ጥሎሽ ባይመጣ ግድ አልነበራትም።

የሲላስ ታላቅ እህት ሂሩት ደግሞ ምክር የማያልቅባት ሴት ናት። ቬሎ ሊለኩ የሄዱ ቀን እጅጌ የሌለውን መረጠችና የሐዳሳን ክንድ አየች። ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ልብስ ሰፊው እየሰማ፣ «ይሄማ ይነሳል» አለች።

«እትዬ ሂሩት፣ እጅጌ ያለው ብናደርገውስ?» አለች ሐዳሳ።

«የኔ ቆንጆ፣ እጁን ትደብቂያለሽ፤ እግሩንስ? ትዳር እኮ ነው የምትገቢው። ሲላስ ጨዋ ስለሆነ አይናገርም እንጂ ወንድ ልጅ ወንድ ማቀፍ አይፈልግም። ለራስሽ ብዬ ነው።»

ለራስሽ ብዬ ነው የምትል ቃል ስንቱን ቤት አፍርሳለች። ሐዳሳም፣ ሲላስ እውነት እንዲህ አስቦ ይሆን ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች፤ ልትጠይቀው ግን አፈረች። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሃቢባ ዘንድ ሄደች።

ሃቢባ የውበት ሳሎን ያላት የጉራጌ ልጅ ናት፤ ለሙሽሮች ሂና የምትቀባውም እሷ ናት። ስኳርና ሎሚ አፍልታ፣ እንደ ማር አወፍራ፣ ለብ ሲል የሐዳሳ ክንድ ላይ ለቀለቀችና ጨርቅ ለጥፋ ላጠችው። ሐዳሳ ጥርሷን ነከሰች። «አይዞሽ የኔ እናት» ትላታለች ሃቢባ በየመሐሉ። ክንዷ አለቀ፣ ባቷ አለቀ። ሲያልቅ ከጨርቁ ላይ የተፋቀው ጸጉር በስኳሩ ተድቦልቡሎ እንደ ትንሽ አውሬ ቆዳ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ሃቢባ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት።

«ውሰጂው። የሰው ጸጉር እኔ ቤት አላሳድርም፤ እናቴ አጥብቃ ከልክላኛለች። ራቅ አድርገሽ ጣይው።»

ሐዳሳ መንገድ ላይ ልትጥለው አፈረች፤ ሁሉም ሰው ፌስታሉን የሚያይ መሰላት። ቤት ስትደርስ በዋናው በር ሳትገባ በጓሮ ዞረችና እንሰቱ መሐል ወረወረችው። የወደቀው እንግዴ ልጇ ከተቀበረበት ቦታ ላይ ነው። ልብ አላለችም፤ የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ልብ አይሉም። ወደ አማ ሮጣ ገባችና የለመደችውን ክንድ ዘረጋችላት።

አባይነሽ ያዘችው። መዳፏ ከክርን ጀምሮ ወረደ፣ ቆመ፣ እንደገና ከክርን ጀመረ። ከዚያ እጇን በዝግታ ሰብስባ ጭኗ ላይ አኖረች።

«የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለች።

«አማ፣ እኔ ነኝ።»

«ድምፅሽ የልጄን ይመስላል። ተቀመጪ፣ ሐዳሳ አሁን ትመጣለች።»

ሐዳሳ ሳቀች። ሳቋ ግን ብቻውን ቀረ። የሠራችውን ብትነግራት፣ በስሟ ብትምል፣ የልጅነቷን ነገር እያነሳች ብታስታውሳት፣ አባይነሽ ሁሉንም በትህትና ሰማች፤ ሰው ቤት መጥቶ ወሬ ለሚያበዛ እንግዳ እንደሚደረገው ራሷን እየነቀነቀች። ቂም የለባትም፣ አልተቆጣችም። ቤት የምታግዘው የጎረቤት ልጅ ራቱን ስታቀርብ አባይነሽ «ለእንግዳዋ ጨምሪላት» አለች። ሐዳሳ ባደገችበት ቤት እንግዳ ሆና በላች።

ሲላስ ቅዳሜ ከጃጁራ መጥቶ አዲሱን ክንዷን አየና ፈገግ አለ። «አሁን ገና ሴት መሰልሽ» አላት። ለቀልድ ነው ያለው። የአማን ነገር ስትነግረው ደግሞ «እርጅና ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ታገሻት» አለ። እሷም እርጅና ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለምሳ ቤት ስትመጣ፣ ጸሐይ አናት ላይ ሆና፣ ከጓሮ የአባይነሽን ድምፅ ሰማች። ሰው እያጫወተች ነው። ሐዳሳ በቤቱ ጥግ ቀስ ብላ ብቅ አለች። አባይነሽ እንሰቱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ማንም የለም። እጇ ግን አየር ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ክንድ በሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ ወደ ታች እየወረደ ይደባብሳል። ፊቷ ላይ ያለውን ዝምታ ሐዳሳ ታውቀዋለች። የእሷ ዝምታ ነው።

«አማ፣ ማን ጋ ነሽ?»

«ልጄ ናት። ከሥራ መጥታ አረፍ ብላ ነው። አንቺ እንግዳዋ ነሽ?»

ሐዳሳ ወደ እንሰቱ ዞር ብላ አየች። ነፋስ አልነበረም፤ የእንሰቱ ሁሉ ቅጠል ቀጥ ብሏል፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለው አንዱ ብቻ፣ አሁን ሰው ገፋ አድርጎት እንዳለፈ ይወዛወዛል። አሮጊቷን ደግፋ ልታስነሳ እጇን ስትይዝ የአሮጊቷ መዳፍ ተጣበቀባት። መዳፉ ላይ ስኳር አለ። አሸተተችው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል።

እንሰቱ ውስጥ ገብታ ፌስታሉን ፈለገችው። አገኘችው፤ ተቀዶ ባዶውን ተዘርግቷል። ጉንዳን ስኳር ይወዳል፣ አይጥም ፌስታል ይቀዳል። ግን ጉንዳን ጸጉር አይበላም። አፈሩ ላይ አንዲት ዘለላ እንኳ አላገኘችም።

ከዚያን ቀን በኋላ ምላጭም ስኳርም አልነካም አለች። ይብቀል፤ እንደነበረው ይሁን፤ አማ ትወቀኝ እንጂ ሂሩት የምትለውን ትበል አለች። በየማታው ክንዷን ትሰጣለች። መጀመሪያ ላይ አባይነሽ «ይሄ የታጨደ ማሳ ነው፣ ይኮሰኩሳል» ብላ መለሰችላት። ሐዳሳ ተስፋ አልቆረጠችም። ጸጉሩ እየለሰለሰ መጣ። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው አባይነሽ መዳፏን ሳታነሳ ቆየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ።

«ቆይ እስቲ» አለች። «አንቺ ልጅ እጅ ላይ የማውቀው ነገር አለ። ትንሽ ቆይተሽ ነይ።»

ሐዳሳ ወደ ውጭ ወጥታ በደስታ አነባች። በዚያው ሳምንት ጓሮው ውስጥ የአማ ወሬ አልተሰማም፤ ቅጠሉም አልተወዛወዘም። አማ እስክታውቃት ጥቂት ቀን ብቻ ነበር የቀራት።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ ሠርጉ ዋዜማ ላይ ሂሩት ሃቢባን ይዛ፣ ከኋላዋ ሚዜዎቹን አስከትላ ቤቱን ሞላችው። የሐዳሳን ክንድ ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከሚዜዎቹ አንዷ ስልኳን አወጣች። ሐዳሳ «አልፈልግም» አለች። አንዴ አለች፣ ሁለቴ አለች።

«ነገ ፎቶው ዕድሜ ልክ ነው» አለች ሂሩት። «የወንድሜን ስም በሰው ፊት በክፉ አታስጠሪ። ጸጉር ነው፤ ኋላ ይበቅላል።»

ሃቢባ ብቻ ናት የሐዳሳን ፊት አይታ «ልጅቷ ካልፈለገች…» ብላ የጀመረችው፤ የሚሰማት አልተገኘም። ሐዳሳ አማ ወዳለችበት ጓዳ በር ተመለከተች፤ ወደ ሚዜዎቹም ተመለከተች። ያ ሁሉ የትምህርት ቤት ሳቅ አሁንም ነጠላ ለብሶ ፊቷ የቆመ መሰላት። አቅሟ አለቀ። ክንዷን ዘረጋች። ሃቢባ ላጠችው፤ ጸጉሩን ጠቅልላ ስትነሳ አንዷ ሚዜ «እኔ እጥለዋለሁ» ብላ ከእጇ ወሰደችና በጓሮ በር ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው በሰው ሞላ። ሙሽራው መጣ፣ መዘምራኑ ዘመሩ፣ አባይነሽን ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ሐዳሳ ነጭ ቬሎዋን ለብሳ እግሯ ሥር ተንበረከከች። በልቧ «ዛሬ ብቻ፣ አማ፣ ዛሬ ብቻ እወቂኝ» ትላለች። ክንዷን ሰጠቻት።

አባይነሽ ነካችው። መዳፏ ለስላሳው ገላ ላይ ለቅጽበት አረፈ። «እንግዳዋም መጣሽ፤ እግዚአብሔር ያክብርሽ» አለችና ለቀቀቻት። ከዚያ እጇ ከሐዳሳ አጠገብ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ፣ የተንበረከከ ሰው ክንድ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ቆመ፣ ፊቷም ሁሉ በራ።

መረቀች። እናቷ በሕይወት ብትኖር የምትመርቃትን ሁሉ፣ ያንን ረጅም ምርቃት፣ ከኑሮዋ ከልጆቿ ከእርጅናዋ አንድም ሳታስቀር መረቀች። ሰዉ የአሮጊቷ እጅ ሙሽራዋን የሳተው ዓይን ስለሌላት ነው ብሎ በዝምታ ሰማ። አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር። ሐዳሳ ያ ሁሉ ቃል በትከሻዋ አጠገብ ሲያልፍ እየሰማች አንገቷን አቀርቅራ ቆየች።

«አሜን በይ እንጂ፣ ሐዳሳ» አለች አባይነሽ።

«አሜን» አለ የሐዳሳ ድምፅ።

ጥርት ያለ፣ ሲላስ መዘምራን መሐል ሰምቶ የወደደው ድምፅ ነበር። እልልታው ቀለጠ፤ ሂሩት እንባዋን ጠረገች፤ ሲላስ ሙሽራዋን ለማስነሳት እጁን ዘረጋ። ሐዳሳ ግን ገና አፏን አልከፈተችም ነበር።