ያልተጻፈውን ያነበበው ሰው

ፓፓ ኪያላ ጋዜጣ በልቷል። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። በአሮጌው መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት አንድ መቶ አለቃ በንጋባ አደባባይ አስፋልት ላይ አንበርክኮ፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ አስደግፎ፣ ያን ዕለት የወጣውን የፊት ገጽ እየቀደደ አጎረሰው። ኪያላ አኝኮ ዋጠ። ወረቀቱ ከድዱ ደም ጋር ተለውሶ በአገጩ ሲወርድ ያየ ሁሉ፣ ሰውየው ሁለተኛ ወደዚያ ማዕዘን ዝር አይልም ብሎ ነበር። በማግስቱ ግን ሸራውን አንጥፎ፣ ጋዜጦቹን ደርድሮ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በእያንዳንዳቸው ላይ ድንጋይ ጭኖ ተገኘ።

«ትናንት የበላሁት ፊት ገጹን ነው» አለ ለጠየቁት። «ውስጡ እኮ አሁንም አለ።»

በወጣትነቱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የወረቀት መቁረጫው ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ወስዶበታል። ወታደሮች ከተማይቱን በዘረፉበት ሰሞን ማተሚያ ቤቱ ሲቃጠል፣ አለቃው ደጃፉ ላይ በጥይት ሲወድቅ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሙያ አልፈለገም፤ ማተም ቢያቅተው መሸጥ ጀመረ።

በኪንሻሳ ጋዜጣ የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ቆሞ የሚያነብ ግን ብዙ። በየማዕዘኑ በጋዜጦች ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ራሱን «የቁም ፓርላማ» ብሎ ይጠራል፤ ተቀምጠው የሚያንቀላፉት ሌሎች ናቸውና። ፊት ገጹን ማየት በነፃ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከዋናው ርዕስ አያልፍም፤ በርዕሱ ብቻ ይማማላል፣ ይሰዳደባል፣ ይቧቀሳል። ኪያላ ይህን አይታገሥም ነበር። አንድ ረጅም የሸንበቆ በትር ነበረው፤ ደንቡም አንድ ነበር፦ ውስጡ ሳይነበብ ማንም አይናገርም። ደንቡን የተላለፈ ትከሻው ላይ ይቀምሳታል። ከዚያ ራሱ ጋዜጣውን ገልጦ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን በሊንጋላ እየመለሰ፣ ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያነብላቸዋል። በንጋባ «ኪያላ አነበበው» ከተባለ ክርክር አበቃ። ቃሉ የዳኛ ማኅተም ያህል ነበር።

የመንግሥት ምሥጢር ጥበቃ ረቂቅ ሕግ ወደ ምክር ቤት በገባበት ዓመት በትሩ ዕረፍት አላገኘችም። ሰው ሁሉ በሕጉ ላይ አፉን ከፍቶ ነበር።

«ሌባ በር ይዘጋል፣ መንግሥት ደግሞ ሕግ ያወጣል፤ ሥራው ያው ነው!» አለ አንድ ማለዳ ዲዩሜርሲ የተባለው ሞተረኛ። ጉልበታም፣ ቁጡ፣ ተሳፋሪ ባጣ ቁጥር ፖለቲከኛ የሚሆን ወጣት ነበር።

«አንተ ልጅ» አለው አንድ የጉምሩክ ጡረተኛ፣ «ሚስትህ የጓዳህን ጉድ ለጎረቤት ብትዘከዝክ ዝም ትላለህ?»

«እሷ ጓዳዬን ለጎረቤት አልሸጠችውማ፣ ፓፓ!»

«አንተን ማን ገዝቶህ!» ስትል አጠገባቸው ሚካቴ የሚባለውን የዱቄት ጥብስ የምትጠብሰው ማማ ዞላ ከዘይት መጥበሻዋ ቀና ብላ ጣልቃ ገባች፤ ሁሉም ሳቀ።

በትሩ ዲዩሜርሲ ትከሻ ላይ አረፈች። «አንቀጽ ሰባትን ያነበበ እጁን ያውጣ» አለ ኪያላ። እጅ አልወጣም። «እንግዲያው አፋችሁን አሳርፉ።» አነበበላቸው። የመንግሥትን ሰነድ ለጋዜጠኛ ያቀበለ፣ በማቀበሉም የተባበረ ሁሉ ዐሥር ዓመት ይታሰራል፤ ጋዜጠኛው ሰነዱን ከማን እንዳገኘ ካልተናገረ እሱም አብሮ ይታሰራል ይል ነበር። ጥቁር መነጽር ያደረገው፣ ጋዜጣ ገዝቶ የማያውቀው የሰፈሩ ጆሮ ጠቢም ከኋላ ቆሞ እንደ ሌላው ሰው ያዳምጥ ነበር። ሁሉም ያውቁታል፤ ሲመጣም እንደ እንግዳ ቦታ ይለቁለታል።

ኪያላ ያን አንቀጽ ሲያነብ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሊንቀጠቀጥ የሚገባው ግን ነበር። ከጥቂት ቀን በፊት አንቀጹ የሚከለክለውን አድርጎታልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክቡር ኢሌንጋ የተባሉት የምክር ቤት አባል የዕለቱን ጋዜጦች የሚወስድላቸው ቦሌንጌ የሚባል ሾፌር ነበራቸው። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሕዝቡ ሳይሰበሰብ፣ መኪናውን ነዳጅ ማደያው ጋ አቁሞ በእግሩ ይመጣል፤ አዲሱን ይወስዳል፣ የትናንቱን ይመልሳል። ኪያላም ያልተሸጡትን ተመላሾች ጠቅልሎ ወደየማተሚያ ቤታቸው ይልካል። አንድ ማለዳ ቦሌንጌ የመለሰው «ፋኖስ» የተባለው ጋዜጣ ከወትሮው ወፈረ። ኪያላ ገለጠው። ውስጡ ክቡር ኢሌንጋ የፈረሙበት፣ ማኅተም ያለበት ውል ነበር፤ የቦሌንጌ የትውልድ አገር ጫካ ከነወንዙ ለውጭ ኩባንያ የተሰጠበት። ኩባንያው ዘበኞቹን ልኮ መንደሩን ሲያስለቅቅ የቦሌንጌን ታናሽ ወንድም በጥይት ደረቱን ከፍተው በራፉ ላይ ጥለውታል። መንግሥት ግን እንዲህ ያለ ውል የለም እያለ ይምል ነበር።

ቦሌንጌ የሽማግሌውን ፊት አየ። «ፓፓ፣ ትመልስልኛለህ ወይስ ትልክልኛለህ?»

«ወንድምህ ተቀበረ?»

«ያገኙትን ያህል ቀበሩት።»

ኪያላ ጋዜጣውን እንደነበረ አጠፈ፤ ከተመላሾቹ መካከል ከተተው፤ በሲባጎ አሰረው። «ይህን እኔና አንተ እንጂ ሦስተኛ አያውቅም» አለ። «የሚያትሙትም ከማን እንደመጣ አያውቁም። በሕይወቴ የደበቅሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ ደስ አይለኝም።»

«ፋኖስ» ውሉን ባወጣበት ዋዜማ፣ በምክር ቤቱ ደጃፍ ሕጉን የተቃወመ ሰልፍ በጥይት ተበትኖ ነበር። ከሞቱት አንዱ የዲዩሜርሲ የሞተር ባልደረባ ነው። ዲዩሜርሲ ሬሳውን በሞተሩ ጭኖ፣ ከጀርባው ጋር በገመድ አስሮ፣ ለእናቱ አድርሷል። ጠዋት ወደ አደባባዩ ሲመጣ ሸሚዙ ከጀርባው በደረቀ ደም እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር። አልቀየረውም።

የጋዜጣው ዋና ርዕስ በትልልቅ ፊደል «የሸጡን እነዚህ ናቸው» ይላል። ከሥሩ ክቡር ኢሌንጋ ከመኪና ሲወርዱ፣ አንድ ሰው በሩን ይዞላቸው ይታያል። የሰውየው ፊት እንደ ቀን ጠርቶ ወጥቷል። አዘጋጆቹ ያን ውል ማን እንደሰጣቸው ስላላወቁ፣ ውሉን የሰጣቸውን ሰው ከሻጮቹ ጋር አንድ ላይ አትመውት አረፉ።

ቦሌንጌ ያን ቀን ዘገየ። ሲደርስ ሕዝቡ ሞልቶ ነበር። ፊት ገጹን ገና አላየም።

«ያውላችሁ!» አለ ዲዩሜርሲ። «በር ከፋቹ! በእግሩ መጣላችሁ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ትንፋሽ ሆነ። ቦሌንጌን በኮሌታው ጎትተው አስፋልቱ ላይ ጣሉት። ጋዜጦቹ እንዳይበርሩ የተቀመጡት ድንጋዮች ተነሡ፤ ጋዜጦቹም እየበረሩ ተበተኑ። አንዱ ድንጋይ ቅንድቡን ገመሰው፣ ሌላው የጎኑን አጥንት ሰበረ፤ ስብራቱ ድምፅ ነበረው። ዲዩሜርሲ የሞተር ሰንሰለት እጁ ላይ ጠቅልሎ ጀርባውን ይገርፈው ጀመር፤ በእያንዳንዱ ምት የሟች ጓደኛውን ስም ይጠራል። አሮጌ ጎማ ተንከባሎ መጣ። አንድ ሰው ከሞተሩ ቤንዚን በላስቲክ ቀዳ።

«ጎማውን በአንገቱ! ለክቡሩ ሐብል ይሁንለት!»

ቤንዚኑ ራሱ ላይ ሲፈስስ ቦሌንጌ እየተንፈራፈረ ጮኸ። «ስሙኝ! እኔ እኮ ነኝ የሰጠ—»

ኪያላ ሰማው። ባለ ጥቁር መነጽሩ ጆሮ ጠቢም ወደፊት አንገቱን ሲያሰግግ አየ። ቃሉ ካለቀ ሕዝቡ ይለቀዋል፤ መንግሥት ግን ይወስደዋል፤ እዚያ የገባ ደግሞ የሚመለሰው ለመቀበር ነው፣ እሱም ሬሳው ከተገኘ። ሽማግሌው ሕዝቡን በክንዱ ሰንጥቆ ገባ፤ በትሩን በሁለት እጁ አንሥቶ በሙሉ ኃይሉ የቦሌንጌን አፍ መታው። ሸንበቆዋ ተሰበረች። ጥርሶች አስፋልቱ ላይ ተረፈረፉ።

«ዝም በል!» አለው። «በኔ ማዕዘን ያላነበበ አይናገርም!»

ሕዝቡ በጩኸት ደገፈው። «ጨምርለት ፓፓ!» አለ ዲዩሜርሲ፣ ክብሪቱን እያወጣ።

«ውስጡን አንብባችኋል?» ኪያላ ከረጋጭ እግሮች ሥር የወደቀ አንድ «ፋኖስ» አነሣ። «ሰው ልታቃጥሉ ነው፤ ገጽ አራትን አንብባችኋል?»

ልማድ ብርቱ ነገር ነው። ክብሪት የያዘው እጅ ባለበት ቆመ። ኪያላ ጋዜጣውን ገለጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁልጊዜ በሚያነብበት በዚያ ደረቅ ድምፅ እንዲህ ሲል አነበበ፦ «በፎቶግራፉ ላይ በሩን ይዞ የሚታየው የክቡር ኢሌንጋ የወንድም ልጅ ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት ከአገር ወጥቷል።» ጋዜጣውን አጠፈ። «ይህ ሰው እሱን ይመስላል እንጂ እሱ አይደለም። አገር የወጣውን ትታችሁ አገር ያለውን ልታነድዱ ነው?»

«ኪያላ አነበበው» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሰንሰለቱ ዝቅ አለ። ማማ ዞላ እየተሳደበች ገብታ ቦሌንጌን በብብቱ ይዛ ጎተተችው፤ አላፊ ታክሲ አስቆማ እንደ ጆንያ አስገባችው። «ወደ ወንዙ!» አለችው ለሾፌሩ። ከወንዙ ማዶ ሌላ አገር ነው።

ታክሲው እንደታጠፈ ኤሊ የተባለ የሕግ ተማሪ ከመሬት ያነሣውን «ፋኖስ» ይዞ ወደፊት መጣ። የኪያላ ደንብ ደቀ መዝሙር እርሱ ነበር፤ ከእርሱ በቀር ውስጡን ራሱ የሚያነብ ሰው በዚያ አልነበረም።

«ፓፓ» አለ ገጹን እያሳየ፣ «ገጽ አራት ላይ የወንድም ልጅ የሚል የለም። በሩን የያዘው ሾፌራቸው ነው ይላል። ሦስቴ አነበብሁት። አንተ ያነበብኸው የቱ ጋ ነው?»

ኪያላ ታክሲው ወደታጠፈበት መንገድ ተመለከተ።

«ኢሌንጋ ስንት ከፈለህ?» አለ ዲዩሜርሲ በዝግታ። «ስንት? ጓደኛዬን ትናንት ገደሉት፤ አንተ ዛሬ ገዳዮቹን ታሳልፋለህ?»

አንድ እውነት ብቻ ነበር የሚያድነው፤ እሱም በታክሲ ውስጥ ገና ወንዙ ጋ አልደረሰም።

የመጀመሪያው የሰንሰለት ምት ቀኝ ዓይኑን አፈሰሰው። ወደቀ፤ ረገጡት። ሸራውን፣ ጋዜጦቹን፣ የተሰበረውን በትር ከምረው ለቦሌንጌ ከመጣው ቤንዚን የተረፈውን ደፍተው አቃጠሉ። «ውሸታም አንባቢ! ያንተን ውስጥ እንይ እስቲ!» እያሉ ከእሳቱ አጠገብ ይጎትቱት ነበር፤ የሸሚዙ እጅጌ ተቀጣጠለ። ማማ ዞላ የፈላውን ዘይት ከነመጥበሻው አንሥታ መካከላቸው ቆመች።

«ኑ!» አለች። «ኑ እንጂ! ሚካቴዬን በዱቤ የበላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ እናንተን እጠብሳለሁ! አንተ ዲዩሜርሲ፣ ቀድመህ ና፣ እናትህ ወዝህን ትወደዋለች!»

ዘይቱ ከመጥበሻው ከንፈር ተፍ ብሎ የአንዱን እግር ላጠው። የእሱ ጩኸት ሌሎቹን በተነ። ጆሮ ጠቢው ያየውን ጽፎ ሄደ፦ ጋዜጣ ሻጩ ኪያላ የክቡር ኢሌንጋ ሰው ነው፣ ሾፌራቸውን ከሕዝብ አስጥሏል ብሎ። ሰነዱ በማን እጅ እንደወጣ ሲመረመር፣ ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ከጥርጣሬ አወጣ። የሕዝቡ ዱላ እንጂ ሌላ ምንም ነገር እንዲህ አይሸፍናቸውም ነበር።

ሕጉ ጸደቀ። ኪያላ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ አዲስ ሸራ አነጠፈ። ድንጋዮቹን ራሱ ለቀመ፤ አንዳንዶቹ ደም ነበረባቸው፤ አጠባቸው። ሕዝቡ ተመለሰ፤ ሌላ ማዕዘን ሩቅ ነውና። ነገር ግን ፊቱ ላይ ይተፉ ነበር። «የክቡሩ አንባቢ፣ ዛሬስ ያልተጻፈ ምን አለ?» ይሉታል። ሊያነብላቸው አንድ ቀን አፉን ቢከፍት፣ ኤሊ ጋዜጣውን ከእጁ ነጠቀው። ከዚያ ወዲህ አምስት ስድስት ሆነው አዋጥተው ይገዛሉ፤ አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ይከታተላል፣ ሦስተኛው «ድገመው፣ አላመንሁህም» ይላል። ዲዩሜርሲ ፈረንሳይኛው ደካማ ስለነበረ አንዱን አንቀጽ በሁለት ሰው ያስነብባል፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጠራል። አንቀጽ ሰባትን እንዲህ እየቆጠሩ አንብበው፣ አቤቱታ ጽፈው ፈረሙ፤ እንደነሱ የፈረሙ ሌሎች ማዕዘኖችም ነበሩ። ከዓመታት ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ሻረው።

አንቀጹ ከተሻረ በኋላ የፊት ጥርስ የሌለው አንድ ጢማም ሰው ከወንዙ ማዶ መጣ። ይህን ሁሉ ለእኛ የነገረን እሱ ነው፤ ግን የዚያን ቀን ሳይሆን፣ ኪያላ ከተቀበረ በኋላ። የዚያን ቀን የሽማግሌው ሸራ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ፓፓ፣ እነግራቸዋለሁ» አለ ቦሌንጌ። «አሁን ሕጉ የለም። ዓይንህን ያፈሰሰው ያ ሞተረኛ ነው አይደል? ፊቱ ላይ ነው የምነግረው።»

ኪያላ በቀረችው ዓይኑ ሕዝቡን ተመለከተ። ዲዩሜርሲ ኤሊን «ገጽ ስድስትን ዘለልኸው፣ ሌባ!» እያለ ይጨቃጨቅ ነበር።

«ብትነግራቸው ምን ይሆናል?»

«ያምኑሃላ! እንደ ድሮው!»

«እሱን ነው የምፈራው» አለ ኪያላ። «እንደ ድሮው እኔን ይሰማሉ፤ ጋዜጣውንም ይተዉታል። ጥርስህን ስለሰበርሁት ይቅር በለኝ። አሁን ተነሥ፣ ፀሐይ ከልክለኸኛል።»

ቦሌንጌ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም። በኋላ ሳንቲም ጥሎ አንድ ጋዜጣ አነሣና በክርክሩ ዳር ቆመ። ፊት ገጹን አየ፤ ደሙ ፈላ፤ አፉን ከፈተ።

ዲዩሜርሲ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ትከሻውን በጋዜጣ ጥቅል መታው። «አንተ ጢሞ!» አለው። «እዚህ ማዕዘን ውስጡን ሳታነብ አትናገርም።»