የሳቫናው ሽሪምፕ

ስቶን ማውንቴን ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እማዬን ከቅዳሴ እስክትወጣ ስጠብቅ፣ ከማዶ ካለው ምግብ ቤት የሽሪምፕ፣ የዚያች በጾም የማትበላ ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ ጥብስ ሽታ በመስኮት ገባ። በጾም መሀል ምራቄን ዋጥኩና ባር ባር አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ እንዲሁ በጾም፣ ነፍሱን ይማረውና አባዬ ድሮ ይኖርባት ወደነበረችው የሳቫና ከተማ ይዞኝ ሄደ። ወንዙ ዳር ያሉትን ምግብ ቤቶች «የቱሪስት ናቸው» ብሎ አለፋቸውና ከኋላ መንገድ ካለች አንዲት ጠባብ ቤት አስገባኝ። ባለቤቷ አሮጊት አቅፋ ሳመችውና፣ ሳያዛት፣ የተጠበሰ ሽሪምፕ በሰሃን አቀረበችልን። እማዬ የቋጠረችልን ሽሮ ፍትፍት መኪና ውስጥ ነበር።

«ጾም አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ነው። እዚህ አገር ስገባ፣ አንድ ሰው ሳላውቅ፣ ያበላችኝ እሷ ናት። እጇን እንዴት ልመልስ?» አለና አጎረሰኝ። «ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት።»

ስንመለስ፣ እንዳትጠረጥር ብለን፣ ጠግበን ሽሮውንም ጨረስነው። እማዬ ባዶውን ዕቃ አይታ «ተባረኩ» ስትለን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አሁን ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ መኪናው ውስጥ ገባችና አየሩን አሸተተች።

«እማዬ፣ አባዬ አንድ ጊዜ ሳቫና...»

«ሽሪምፕ አበላሽ?» አለችኝ። «እኔንም አብልቶኛል። በሙሽርነቴ፣ ያውም በሁዳዴ። ‹ለነፍስ አባታችን እንዳትነግሪ› ብሎ።»

«ነገርሻቸው?»

የነፍስ አባታችን በሩ ላይ ቆመው ወጪውን መስቀል ያሳልማሉ። እማዬ መስኮቱን ዘጋች።

«ንጂው» አለችኝ።