የዘንዶው መንደር ስለት

ምሥራቅ ትባላለች፤ ሮም ውስጥ የሰው አሮጊት ስትጦር ያረጀች ሴት ናት። ሙያሽ ምንድን ነው ብትባል ግን ልጄን ማሳፈር ነው ትላለች። አውቶቡስ ውስጥ የምታወራው ስልክ ከሹፌሩ ጆሮ ይደርሳል። ልጇ ማክዳ ስትመረቅ እልልታውን አቅልጣው አስተማሪዎቹን ከወንበራቸው አስነሥታለች። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ እናቷን ይዛ የትም ሄዳ አታውቅም።

ስለዚህ ማክዳ አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር የዘንዶው ፊልም የተሠራበትን መንደር ልታይ ስትነሣ "አንቺም ነይ" ስትላት፣ ምሥራቅ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ዛሬስ ሰው እሆናለሁ ብላ ማለች። መንገዱን ሁሉ ጭጭ ከማለቷ የተነሣ ልጆቹ አሟት እንደሆነ ጠየቁ።

መንደሩ ግንብ አለው፣ ገበያ አለው፣ በሩ በወርቅ ቀለም የተቀባ ቤተ ክርስቲያንም አለው። ማክዳ ሁሉም ለፊልም የተሠራ እንደሆነ አስረድታታለች። ምሥራቅ ግንቡን አመነች፤ በእግዚአብሔር ቤት ግን ማን ይቀልዳል? ልጆቹ ፎቶ ሲነሡ ሹልክ ብላ ሄደች። ነጠላዋን ተከናነበች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ በሩን ተሳልማ ገባች። ሥዕል ብትፈልግ የለም። ቢሆንም ቆመች።

"የማን ደብር እንደሆንክ አላውቅም" አለች እያነባች። "ልጄ ዳግመኛ ይዛኝ ከሄደች ግን ጃንጥላ አስገባለሁ።"

ዘወር ስትል ጎብኚዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላዋ ተሰልፈዋል፤ የቦታው ሥርዓት መስሏቸው ነው። ከሰልፉ መጨረሻ ማክዳ ቆማለች። ምሥራቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ማክዳ ወደ ውጭ ወሰደቻትና ድንጋይ የሚመስለውን የቤተ ክርስቲያኑን ዓምድ በጣቷ አንኳኳችው። እንደ ባዶ ካርቶን ጮኸ። ከዚያ በሶፍት የእናቷን ከንፈር ትጠርግ ጀመር፤ የበሩ ወርቅ ተለጥፎባታል።

"ማማ፣ ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው?"

ምሥራቅ ውሸት አታውቅበትም፤ ነገረቻት። ጓደኞቿ ምን እንደተባለ በጣልያንኛ ቢጠይቁም ማክዳ አልተረጎመችላቸውም።

"አሎራ፣ እንግዲህ በሚቀጥለው ወር ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን" አለች። "ትመጫለሽ፣ እሺ? ቫ ቤኔ?"

የምሥራቅ ደስታ ግማሽ መንገድ እንኳ አልዘለቀም። ስለቷ ሰምሯል፤ የሰመረ ስለት ደግሞ ካልገባ ያስቀስፋል። ጃንጥላው ለየትኛው ታቦት ይግባ? ለሮሙ ቄስ ብትነግራቸውስ፣ ካርቶን ሰማኝ ልትላቸው ነው? ጭንቀቷ ፊቷ ላይ ቢነበብ ማክዳ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት፤ ይህንንም ነገረቻት።

ማክዳ እስኪያልባት ሳቀች።

"ለተሳልሽለት ነዋ የሚገባው" አለቻት። "ከባሕር ስንመለስ እኔና አንቺ ወስደን እንሰጠዋለን።"

ምሥራቅ ሁለት ጃንጥላ ባለመሳሏ ተቆጨች።